ልጅን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫካ ማደር፦ በሸናንዶዋ የአንድ ሌሊት የእግር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በፎልስ ቸርች የሚኖር ወላጅ ቅዳሜ ማለዳ ከቤቱ ተነስቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢነዳ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ይደርሳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ብሉ ሪጅ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ የተዘረጋና ከ500 ማይል በላይ የእግር መንገድ ያለው ነው። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው በጥቅምት ወር ቅጠሉ ሲቀላ ከመኪና ወረድ ብለን ፎቶ ተነስተን የምንመለስበት ቦታ አድርገን ብቻ ነው። ይህ መመሪያ ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ፣ ዕድሜው ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር አንድ ሌሊት ጫካ ውስጥ ማደር ለሚፈልግ፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጉዞ አድርጎ ለማያውቅ ወላጅ የተጻፈ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የጉዞው ልኬት ምን እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል። አዋቂ ለብቻው ሲጓዝ ስንት ማይል እንደሄደና የትኛውን ጫፍ እንደወጣ ይቆጥራል። ልጅ ሲያዝ ግን ልኬቱ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ እሑድ ማታ ቤት ገብቶ «መቼ ነው ደግመን የምንሄደው?» ብሎ መጠየቁ። ርቀቱም፣ ወቅቱም፣ ስንቁም፣ የማደሪያው ቦታም የሚመረጠው ይህ ጥያቄ እንዲመጣ ነው።

እኔ ይህን የተረዳሁት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ሳለ የመጀመሪያ የእግር ጉዟችንን ወደ አንድ ፏፏቴ አደረግሁት። ስንወርድ እየዘለለች፣ ድንጋይ እየለቀመች፣ እየዘፈነች ነበር። ስንመለስ መንገዱ ሁሉ ዳገት ሆነ፤ ግማሽ ላይ ስንደርስ ቦርሳዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና «አባዬ፣ እግሬ እምቢ አለኝ» አለችኝ። የእሷን ቦርሳ ደረቴ ላይ፣ የራሴን ጀርባዬ ላይ አድርጌ፣ እጇን ይዤ፣ መኪናችን ዘንድ የደረስነው በጨለማ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ጫካ የሚባል ነገር እንዲነሳባት አልፈለገችም። በካርታው ላይ ርቀቱን አይቼ የመሬቱን አቀማመጥ ሳላይ ቀርቻለሁ።

መንገድ መምረጥ

በአብዛኛው ተራራ መኪና የሚቆመው ከግርጌ ነው፤ ሰው ጉልበት ሳለው ይወጣል፣ ሲደክመው ይወርዳል። ሸናንዶዋ የተገላቢጦሽ ነው። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው 105 ማይል ርዝመት ያለው የመኪና መንገድ የሚሄደው በተራራው ሸንተረር ላይ ስለሆነ፣ ከመንገዱ ዳር መኪና ቆሞ የሚጀመር የእግር መንገድ፣ በተለይም ወደ ፏፏቴ የሚወስደው፣ መጀመሪያው ቁልቁለት ነው፤ ዳገቱ የሚመጣው ልጁ ከደከመ፣ ውኃው ከጎደለ፣ ፀሐይዋም ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ስለዚህ ፏፏቴውን ለሌላ ጊዜ አቆይቶ በሸንተረሩ ላይ የሚሄድ መንገድ መምረጥ ይሻላል።

ለዚህ የሚስማማው አፓላቺያን ትሬል ነው። ከጆርጂያ እስከ ሜይን ከ2,000 ማይል በላይ የሚዘልቀው ይህ የእግር መንገድ 101 ማይል ያህሉ በፓርኩ ውስጥ ያልፋል፤ ከስካይላይን ድራይቭም ብዙ ሳይርቅ እየተጠማዘዘ ደጋግሞ ያቋርጠዋል። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ዋስትና ነው፤ ልጁ ቢታመም ወይም ነጎድጓድ ቢመጣ ወደ መኪና መንገድ የሚወጡበት ቦታ ብዙም አይርቅም። መንገዱ በዛፎች ግንድ ላይ በተቀባ ነጭ ቀለም ይታወቃል፤ ሌሎቹ የፓርኩ የእግር መንገዶች ሰማያዊ ቀለም፣ ፈረስ የሚሄድባቸው ደግሞ ቢጫ ቀለም አላቸው። መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሟል፤ ምሰሶውን በከበበው ብረት ላይ የመንገዱ ስምና ርቀቱ ተቀርጿል። ነጩን ምልክት ቀድሞ የማየቱን ሥራ ለልጁ ይስጡት። ምልክት እየፈለገ የሚሄድ ልጅ «ስንት ቀረን?» ማለቱን ይረሳዋል፤ ምሰሶው ዘንድ ሲደርስም ቁጥሩን ራሱ አንብቦ ይነግርዎታል።

ለመጀመሪያ ሌሊት ከመኪናው እስከ ማደሪያው ሁለት ማይል ይበቃል። ይህ ለአዋቂ እጅግ አጭር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ቦርሳ ያዘለ የስምንት ዓመት ልጅ ጉንዳን ለማየት፣ ውኃ ለመጠጣት፣ ጫማ ለማሰር የሚቆመው ሲታሰብ በሰዓት አንድ ማይል ቢሄድ ጥሩ ሄዷል። የከፍታው ልዩነት በካርታው ላይ ከ500 ጫማ፣ ማለትም ከ150 ሜትር ገደማ፣ የማይበልጥ ቢሆን ይመረጣል። ከሁለት ማይልና ከሦስት ማይል መካከል ከተጠራጠሩ ሁለቱን ይያዙ፤ ትርፍ ጉልበት የቀረው ልጅ ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ የሚሮጥበት ጫካ አያጣም።

ፈቃድና ማደሪያ

ከተመደቡት የመኪና ካምፖች ውጭ በፓርኩ ጫካ ውስጥ ለማደር ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ፈቃዱ ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠውን የደንብ ዝርዝር እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ድንኳን ከአስፋልት መንገድ ቢያንስ ሩብ ማይል፣ ማለትም 400 ሜትር ያህል፣ መራቅ አለበት፤ ከእግር መንገዱም ከምንጭም ተለክቶ የተቀመጠ ርቀት አለው፤ እሳት ማንደድ፣ አስቀድሞ በተሠሩ ጥቂት ምድጃዎች ካልሆነ በስተቀር፣ ክልክል ነው። ልጅዎ የሚጠብቀው በእሳት ዙሪያ መቀመጥን ከሆነ ይህን ከቤት ሳይወጡ ይንገሩት። ጫካ ከደረሱ በኋላ የሚነገር ክልከላ ያስለቅሳል።

በአፓላቺያን ትሬል ላይ ሃት እየተባሉ የሚጠሩ በሦስት ወገን ግድግዳ ያላቸው የድንጋይ መጠለያዎች አሉ። መጠለያዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሌሊት ለሚጓዙ ረጅም መንገደኞች የተለዩ ናቸው፤ የአንድ ሌሊት እንግዳ እንደ ራሱ ማደሪያ ሊቆጥራቸው አይገባም። ነገር ግን በአቅራቢያቸው አብዛኛውን ጊዜ ምንጭ፣ የጉድጓድ መጸዳጃና ምግብ የሚሰቀልበት የብረት ምሰሶ ስለሚገኝ፣ በዙሪያቸው ከተፈቀደው ቦታ አንዱ ላይ ድንኳን መትከል ልጅ ለያዘ ሰው ብዙ ነገር ያቀልለታል። ጫካ ውስጥ መጸዳጃ ቤት መኖሩ ለልጅ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አዋቂ ቶሎ አይገባውም። የትኛው ምንጭ ውኃ እንዳለው፣ በተለይ በበጋው መጨረሻ፣ ከጉዞው በፊት ሬንጀር የሚባሉትን የፓርኩን ጠባቂዎች መጠየቅ ይገባል። በስካይላይን ድራይቭ ላይ ከሰሜኑ ጫፍ ሲቆጠር በ4.6 ማይል ላይ ያለው ዲኪ ሪጅና በ51 ማይል ላይ ያለው ቢግ ሜዶውስ የጎብኚዎች ማዕከል አላቸው፤ በጥያቄ የሚሰለች ሬንጀር እስካሁን አልገጠመኝም።

ልጅዎ አራተኛ ክፍል ከሆነ ቤተሰቡን በነፃ የሚያስገባ ዓመታዊ የፓርክ ማለፊያ ከመንግሥት ማግኘት ይችላል። ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ደግሞ ከጎብኚዎች ማዕከሉ የጁኒየር ሬንጀር መጽሐፍ ተቀብሎ፣ በውስጡ ያሉትን ሥራዎች ጨርሶ፣ ቃል ገብቶ ባጅ ይቀበላል። ባጁ ተራ ፕላስቲክ ሊመስል ይችላል፤ የእኔ ልጅ ግን ለሁለት ሳምንት ከሸሚዟ ላይ አላወረደችውም።

ከጉዞው በፊት የሚደረግ ልምምድ

ድንኳንን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝናብ መትከል አይገባም። ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ድንኳኑን ሳሎን ውስጥ ወይም ግቢ ላይ አብረው ይትከሉ፤ በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ተኝተው ይደሩ። ልጁ ድንኳኑን ገበታ ቤት አጠገብ ከለመደው ጫካ ውስጥ ሲያየው የራሱ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ቦርሳውን ከነክብደቱ ተሸክሞ በሰፈር መናፈሻ አንድ ሰዓት ይሂድ፤ ትከሻውን የሚከረክረው ማሰሪያና ተረከዙን የሚልጠው ጫማ የሚታወቁት ያን ጊዜ ነው።

በመካከል አንድ ሌሊት በመኪና ካምፕ ማደር ደግሞ ጊዜ ላለው ሰው እጅግ የምመክረው ነገር ነው። ፓርኩ ለዚህ የተዘጋጁ ቦታዎች አሉት፤ ቢግ ሜዶውስ ሰፊ ሜዳውና አጋዘኖቹ ለልጅ የተመቹ ናቸው፤ በ57.5 ማይል ላይ ያለው ሉዊስ ማውንቴን ደግሞ ትንሽና ጸጥ ያለ ነው። ስለ ሉዊስ ማውንቴን አንድ ነገር ለልጅዎ ቢነግሩ መልካም ነው። ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲከፈት የዘር መለያየት ሕግ በቨርጂኒያ ይሠራ ስለነበር ለጥቁር ጎብኚዎች ብቻ ተብሎ የተለየ ነበር፤ መለያየቱ በፓርኩ ሙሉ በሙሉ የቀረው እስከ 1950 ባለው ጊዜ ነው። የእኛ ልጆች ዛሬ ድንኳናቸውን በፈለጉት ጫፍ የሚተክሉት ሌሎች ተከልክለው በቆዩበት መሬት ላይ መሆኑን ማወቅ ይገባቸዋል፤ ቦታው ላይ ቆመው ሲሰሙት ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ይገባቸዋል።

ወቅትን በተመለከተ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ እንዲሁም መስከረም ወር ለጀማሪ የተመቹ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ይሞቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይበዛል። ጥቅምት ውብ ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡ ይበዛል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። የአየር ትንበያ ሲያዩ የከተማዎን ሳይሆን የተራራውን ይመልከቱ፤ ሸንተረሩ ከሸለቆው በፋራናይት አሥር ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ነጎድጓድ ከተተነበየ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት ማስተላለፍ እንደ ሽንፈት ሊቆጠር አይገባም።

ጓዝና ልብስ

ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና ከመሬት ብርድ የሚለይ ስስ ፍራሽ ለአንድ ሌሊት ብቻ መግዛት አያስፈልግም፤ የካምፕ ዕቃ የሚያከራዩ መደብሮች አሉ፣ ከወዳጅም መዋስ ይቻላል። የማይታለፈው ፍራሹ ነው፤ ሌሊት ብርድ ከላይ ይልቅ ከታች ስለሚገባ፣ ጥሩ ከረጢት ያለ ፍራሽ ልጅን አያሞቅም።

የልጁ ቦርሳ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይሻላል። ሃያ አምስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይያዝ፤ ውኃውን፣ የዝናብ ልብሱን፣ ሙቀት የሚሰጥ ሹራቡን፣ ቆሎውን፣ በግንባር የሚታሰረውን ባትሪና ፊሽካውን። ሌላው ሁሉ የወላጅ ሸክም ነው። ልጁ የሚወደው አንድ መጫወቻ ቦታ ይኑረው፤ ክብደቱ ከሚያደርሰው ድካም ሌሊት የሚሰጠው መጽናናት ይበልጣል። ወላጁም ቦርሳውን አዘጋጅቶ ሲጨርስ ልጁ ቢደክም የእሱን ቦርሳ የሚያንጠለጥልበት ጉልበት እንደሚተርፈው አስቦ ይመዝን።

ልብስ ላይ ዋናው ደንብ ጥጥን ማስቀረት ነው። ጥጥ በላብም ሆነ በዝናብ ሲርስ ቶሎ አይደርቅም፤ የረጠበ ጥጥ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ይሰርቃል። ሱፍ ወይም ለስፖርት የሚለበሰው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይመረጣል። በዚሁ ምክንያት ጋቢም እቤት ወይም መኪና ውስጥ ይቀራል፤ ሞቅ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፣ ነገር ግን ጤዛ ሲመታው ይከብዳል፣ እስከ ማግስቱም አይደርቅም። ሁለት ጥንድ ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ፤ አንዱ ጥንድ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ።

ስንቅ

በዚህ በኩል እኛ ከማንም የተሻለ እናውቃለን ብዬ አምናለሁ። የካምፕ መደብሮች ውኃው ተመጥጦ በከረጢት የታሸገ ምግብ በውድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ አገራችን ግን ለመንገደኛ የሚሆን ቀላል፣ የማይበላሽና ኃይል የሚሰጥ ስንቅ በስም በስሙ አላት። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፤ ሁሉም የተሠሩት ለዚህ ነው። ሀበሻ ሱቅ ሄዶ ወይም አያት ጠይቆ የሁለት ቀን ስንቅ ማዘጋጀት ይቻላል።

ለእራት የምመክረው ሽሮ በድርቆሽ ነው። እቤት እያሉ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ምጥን ሽሮ በአንድ ትንሽ ከረጢት፣ ሁለት ጭብጥ ድርቆሽ በሌላ፣ ጥቂት ዘይት በማያፈስ ጠርሙስ፣ ጨው በወረቀት ያዘጋጁ። ማደሪያው ላይ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ሦስት ስኒ ያህል ውኃ ከዘይቱ ጋር አፍልተው ሽሮውን እየነሰነሱ ያማስሉ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ከተንተከተከ በኋላ ድርቆሹን ጨምረው ክዳኑን ይግጠሙት። ድርቆሹ ሲለሰልስ አንድ ድስት ብቻ የሚያቆሽሽ የሽሮ ፍርፍር ሆነ ማለት ነው። ለምድጃው መቶ ግራም ገደማ የሚይዘው ትንሹ የጋዝ ሲሊንደር ለሁለት ሰው አንድ ሌሊት ከበቂ በላይ ነው። በጾም ቀን የሚጓዝ ቤተሰብም በዚህ አይቸገርም። ቋንጣውን በፍስክ ቀን እንደ መንገድ ምግብ ቆራርጦ መያዝ ይቻላል።

ቁርስ በሶ ይሁን፤ በሶውን ማሸት ደግሞ የልጁ ሥራ ይሁን። ልጄ ክዳኑ በሚጠብቅ ኩባያ በሶውን፣ ስኳሩንና ጥቂት ጨው ከውኃ ጋር ጨምራ በሁለት እጇ ይዛ ስትነቀንቀው፣ ከዚያ ክዳኑን ከፍታ ግድግዳው ላይ የቀረውን ደረቅ ዱቄት በማንኪያ ስታወርድ፣ ግንባሯን ቋጥራ ነበር፤ አያቷ በሶ ስትበጠብጥ እንደምታደርገው። እቤት በሶ አትወድም፤ እዚያ ግን ጨርሳ ደገመች። ራሱ የሠራውን የማይበላ ልጅ ጥቂት ነው።

በመንገድ ላይ ልጅ ራበኝ እስኪል አይጠበቅም፤ በየሠላሳ ደቂቃው አንድ ጭብጥ ቆሎና ዘቢብ፣ ጥቂት ጉንጭ ውኃ ይሰጠዋል። ልጅ ሲነጫነጭ ድካም ነው ብሎ ከመወሰን በፊት ያብላው ወላጁ። ከምንጭ የሚቀዳ ውኃ ምንም ያህል ጠርቶ ቢታይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይንተከተክ ወይም በማጣሪያ ሳያልፍ አይጠጣም።

ድብ፣ መዥገርና ሌሎች

በሸናንዶዋ ጥቁር ድብ አለ። ጥቁር ድብ ሰውን ሳይሆን የሰውን ምግብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጥንቃቄው በሙሉ ሽታ ላይ ነው። የፓርኩ ደንብ ምግብ ከመሬት ቢያንስ በ10 ጫማ ከፍታ፣ ከግንዱም በ4 ጫማ ርቀት በገመድ እንዲሰቀል፣ አለዚያም ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ጣሳ ውስጥ እንዲቀመጥ ያዛል። ሲመሽ ገመድ ቅርንጫፍ ላይ መወርወር ለጀማሪ አስቸጋሪ ስለሆነ ጣሳውን ተከራይተው ቢይዙ ይሻላል። ጣሳው ውስጥ የሚገባው ምግብ ብቻ አይደለም፤ የጥርስ ሳሙና፣ የፀሐይ መከላከያ፣ ሎሽን፣ የፀጉር ቅባት፣ የቆሻሻ ከረጢቱም ይገባል። ቅቤ የነካ ጨርቅም እንዲሁ። ከመተኛታችሁ በፊት የልጁን ኪስ ገልብጣችሁ እዩ፤ በሁለተኛው ጉዟችን ከልጄ ጃኬት ኪስ ሦስት ከረሜላና ግማሽ ዳቦ ቆሎ ወጥቷል። ድብ ከሩቅ ከታየ አይሮጥም፣ አይቀረብም፤ ልጁን አጠገብ ይዞ፣ ጮክ ብሎ እየተናገሩ፣ ፊትን ሳያዞሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

በእውነቱ ከድቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ መዥገር ነው፤ ምክንያቱም ድቡ ከሰው ይሸሻል፣ መዥገሩ ግን ይመጣል። በአካባቢው ያለው ጥቁር እግር መዥገር የላይም በሽታን ያስተላልፋል፤ ገና ያላደገው መዥገር ደግሞ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ ነው። ረጅም ሱሪ ለብሶ ጫፉን ካልሲ ውስጥ መክተት፣ ለልጅ ዕድሜ የሚስማማ የነፍሳት መከላከያ መቀባት፣ ማታና ጠዋት ደግሞ ብብትን፣ ከጆሮ ኋላን፣ የጉልበት ማጠፊያን፣ ብሽሽትንና የራስ ቅልን በጣት እየዳሰሱ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሴት ልጅ ከጉዞው በፊት ሹሩባ ብትሠራ የራስ ቅሏ በመስመር ስለሚታይ ፍተሻው ይቀላል። የተጣበቀ መዥገር ከተገኘ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ተይዞ ቀጥ ብሎ ይነቀላል፤ በቅቤም ሆነ በክብሪት ማስለቀቅ አይገባም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ስለ መዥገሩ መንገር ነው።

በፓርኩ ሁለት ዓይነት መርዛማ እባብ ስላለ ልጁ ያላየውን ቦታ፣ ከድንጋይ ሥርና ከወደቀ ግንድ ጀርባ፣ እጁን እንዳያስገባ ይነገረው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅለውን ፖይዝን አይቪ ደግሞ በሥዕል አስቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው፤ የነካው ቆዳ ይቆጣል።

ስለ መጥፋት በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ልጁ ወላጁን ካጣ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቆመበት ቅርብ የሆነ ዛፍ አቅፎ መቆየትና ፊሽካውን ሦስት ሦስት ጊዜ መንፋት። እንደማይቆጡት ደጋግመው ይንገሩት፤ ቁጣ የሚፈራ ልጅ ይደበቃልና። በሰፈር መናፈሻ ሁለት ጊዜ ቢለማመዱት ለጫካው ይበቃል።

የጉዞው ቀንና ሌሊቱ

በተራራው ላይ የስልክ መስመር በብዙ ቦታ አይሠራም። ስለዚህ መኪናው የት እንደሚቆም፣ በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱ፣ የት እንደምታድሩና እሑድ በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ በወረቀት ተጽፎ ቤት ለቀረ ሰው ይሰጥ፤ ካልደወላችሁ ለማን እንደሚደውል የፓርኩ የአደጋ ጊዜ ስልክም አብሮ ይጻፍ።

ማደሪያው ላይ መድረስ ያለባችሁ ጀምበር ከመጥለቋ ቢያንስ አራት ሰዓት በፊት ነው። ልጅ ጫካውን የሚወደው በመንገዱ ላይ ሳይሆን በነዚህ አራት ሰዓታት ነው፤ ድንኳን ሲተክል፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ግንድ ላይ ሲራመድ። ፓርኩ ከመመሥረቱ በፊት በተራራው ላይ ይኖሩ የነበሩና ከመሬታቸው እንዲነሡ የተደረጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ በብዙ ቦታ የድንጋይ ካባቸውና ያረጁ የፖም ዛፎቻቸው ይታያሉ። ልጄ እንዲህ ያለ ካብ አግኝታ በሩ በየት በኩል እንደነበር ስትፈልግ አንድ ሰዓት አለፈ፤ እኔም አላስቸኮልኳትም።

የጉድጓድ መጸዳጃ በሌለበት፣ ከውኃና ከመንገድ ስልሳ ሜትር ያህል ርቆ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ጉድጓድ ቆፍሮ መሸፈን፣ ወረቀቱን ደግሞ በከረጢት ይዞ መመለስ ነው። ለልጁ ቀን ላይ ይታይ፤ በጨለማ የሚማረው ነገር አይደለም።

ሌሊቱ ላይ ብዙ ወላጅ የራሱን ፍርሃት ያገኛል። እኛ ያደግነው ከመሸ ከቤት መውጣት ጅብ እንደሚያስበላ እየሰማን ነው፤ እናቴ ስለ ጉዞው ስነግራት «ቤት እያለህ ልጄን ዱር ልታሳድራት?» ብላ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። ልጅ ይህን ሁሉ ይሰማል። በቨርጂኒያ ጫካ ጅብ የለም ብሎ በግልጽ መንገር፣ ከዚያም የሚሰሙትን ድምፆች አስቀድሞ በስማቸው መጥራት ያስፈልጋል፤ ጉጉቱ እንዲህ ይላል፣ አጋዘን ሲራመድ ቅጠሉ እንዲህ ይንኮሻኮሻል፣ ነፋሱ ከወንዝ ይመሳሰላል። ስም ያለው ድምፅ አያስፈራም። ልጁ ከመተኛቱ በፊት ሽንቱን ይሽና፣ ባትሪውን ራስጌው በሚያውቀው ቦታ ያስቀምጥ፣ ተረትም ይነገረው። ባትሪ ጠፍቶ፣ ሁለት ሰው በአንድ ድንኳን ውስጥ ተኝቶ የሚነገር ተረት እቤት ከሚነገረው ይለያል፤ ልጄ አያቷ የነገረቻትን የጦጣና የዝንጀሮ ተረት እያረመችኝ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማናቸውም ሰዓት መመለስ እንደሚቻል ለልጁ አስቀድመው ቃል ይግቡለት፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። መኪናው ሁለት ማይል ላይ መሆኑ ለዚህ ነው። ሆዱን ቢያመው፣ ልብሱ ቢርስና ቢንቀጠቀጥ፣ ወይም ፍርሃቱ በማባበል ባይበርድ፣ ጓዝ ጠቅልሎ መመለስ ተገቢ ነው።

መኪናው ውስጥ ደረቅ ካልሲ፣ የሚቀየር ልብስ፣ ሻይ በፔርሙስና ያ እቤት ሊቀር የነበረው ጋቢ ይጠብቁ። እሑድ እንደተመለሳችሁ ልጁ ጋቢውን ተከናንቦ ሻዩን ሲጠጣ እርስዎ የመዥገር ፍተሻውን በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ ይድገሙት። ቤት ሲገቡ ልብሱ ሁሉ በማድረቂያ ማሽን በከፍተኛ ሙቀት ይዙር፤ ድንኳኑም እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ስለሚሻግት ግቢ ወይም ሳሎን ውስጥ ተዘርግቶ ይደር።